ምድጃና መደብ

ኅዳር ሲገባ ሱሉልታ ሜዳ ላይ ማልዶ የተነሣ ሰው ሣሩን በውርጭ ነጥቶ ያገኘዋል። ሰንዳፋም፣ ለገጣፎም፣ የእንጦጦ ጀርባም ከዚህ አይርቁም፤ ቀን አናት የሚበሳ ፀሐይ፣ ማታ አጥንት ዘልቆ የሚገባ ብርድ። ክረምቱ በበኩሉ ሌላ ነው፤ ሐምሌና ነሐሴ የታጠበ ልብስ አይደርቅም፣ ፍራሹ ራሱ ይረጥባል። ስለዚህ በእነዚህ አካባቢዎች ቤት የሚሠራ ሰው ፕላኑ ላይ «ፋየርፕሌስ» የምትል ትንሽ አራት ማዕዘን ሲያስገባ ቅንጦት ፈለገ አልልም። የሚቆጨኝ፣ ተሠርተው ካለቁት ብዙዎቹ እሳት የማይነድባቸው መሆናቸው ነው። አንዱ ሳሎኑን በጭስ ይሞላል፤ ሌላው በአንድ ክረምት ተሰንጥቆ የአበባ ማስቀመጫ ሆኖ ይቀራል።

ጥፋቱ የሚጀምረው ከአመራረጡ ነው። ባለቤቱ ስልኩ ላይ ያገኘውን ፎቶ ለግንበኛው ያሳያል፦ «እንዲህ ያለ እብነ በረድ፣ እንዲህ ያለ መደርደሪያ»። ግንበኛው ፊቱን አስመስሎ መሥራት አያቅተውም። ፎቶው ግን ጉሮሮውን፣ ማለትም ጭሱ ከእሳቱ ቤት ወደ ጭስ ማውጫው የሚያልፍበትን ጠባብ ቦታ፣ አያሳይም፤ ከጡቡ ጀርባ ምን እንዳለ፣ ከወለሉ ሥር ምን እንደተቀበረ አያሳይም። ቋንቋችን በዚህ ነገር ይቀድመናል። ምድጃ ስንል እሳቱ የሚቀመጥበትን ቦታ ማለታችን ነው። ጉልቻ፣ ፍም፣ ረመጥ፣ ትርኳሽ፣ አመድ፤ ስም የሰጠናቸው ሁሉ ከታችና ከውስጥ ያሉ ናቸው። ጎጆ መውጣትንም «ሦስት ጉልቻ» የምንለው በዚሁ ነው። እኔም ምርጫው ከታች ወደ ላይ ይሂድ የምለው ለዚህ ነው፤ አስቀድሞ መሠረቱና ወለሉ፣ ቀጥሎ እሳቱ በቀጥታ የሚነካው፣ የፊቱ ጌጥ በመጨረሻ።

መሠረቱ ላይ ብዙ አልቆይም፣ ግን የሚዘለል አይደለም። በሸክላ ጡብ የተገነባ መካከለኛ ምድጃ ከነጭስ ማውጫው ከ3 ቶን ይበልጣል። ይህን ሸክም ቀጭን የሳሎን ወለል ላይ መጫን ወለሉን መስበር ነው። ሱሉልታና ለገጣፎ ዙሪያ የሚበዛው መረሬ፣ ያ ጥቁር ጭቃማ አፈር፣ ደግሞ ክረምት ውኃ ጠጥቶ ያብጣል፣ በጋ ደርቆ እጅ የሚያስገባ ስንጥቅ ይከፍታል። ምድጃው መረሬ ላይ ከተቀመጠ ቤቱ በአንድ ወገን፣ ጭስ ማውጫው በሌላ ወገን ይንቀሳቀሳሉ፤ ኮርኒሱ አጠገብ የሚታየው ቁመታም ስንጥቅ ከዚህ ይመጣል። መረሬው አልቆ ጠንካራው አፈር ወይም ዐለቱ እስኪገኝ መቆፈር፣ ከዚያ 30 ሴንቲ ሜትር ውፍረት ያለው አርማታ መሙላት ያስፈልጋል። አርማታው ከምድጃው ግድግዳ በየአቅጣጫው 15 ሴንቲ ሜትር ወጣ ይበል። ከቤቱ መሠረት ጋር አብሮ ቢሞላ ጥሩ ነው። ቤቱ ካለቀ በኋላ የሚጨመር ምድጃ ከሆነ ግን ከቤቱ ግድግዳ ጋር አታያይዙት፤ ሁለቱ በየፊናቸው እንዲንቀሳቀሱ 2 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ተዉላቸው።

አሁን ወደ መጠኑ። «ሰፊ አፍ፣ ብዙ ሙቀት» የሚለው ግምት ብዙ ሰው ያሳሳታል። ክፍት ምድጃ ከማገዶው ሙቀት ለክፍሉ የሚሰጠው ከአሥር እጅ አንድ ያህሉን ነው፤ የቀረው በጭስ ማውጫው ይወጣል። አፉ በሰፋ ቁጥር ከሳሎኑ የሞቀ አየር አብሮ ይጠጣና በበር ሥር ቀዝቃዛ አየር ያስገባል። እሳቱ ፊት የተቀመጠው ጉልበቱ ሲለበልበው ጀርባው የሚበርደው ለዚህ ነው። 20 ወይም 25 ካሬ ሜትር ለሆነ ሳሎን 75 ሴንቲ ሜትር ወርድ፣ 65 ሴንቲ ሜትር ቁመት ያለው አፍ ይበቃል። ጥልቀቱን 45፣ የጀርባውን ግድግዳ ወርድ 40 አድርጉት፤ ማለትም ሁለቱ ጎኖች ከፊት ሰፍተው ወደ ኋላ እየጠበቡ ይሄዳሉ። በዚህ የተዛነፈ ቅርጽ ከብዙ ሰው በፊት የተጨነቀበት ካውንት ራምፎርድ በሚል ማዕረጉ የሚታወቀው የፊዚክስ ሊቅ ቤንጃሚን ቶምሰን ነው። በ1796 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጽሑፉ የዘመኑን ጥልቅና ሣጥን መሰል ምድጃዎች ነቅፎ፣ አጠር ያለ ጥልቀት፣ የተከፈቱ ጎኖችና ጠባብ ጉሮሮ እንዲሆኑ አሳሰበ። ምክንያቱ ቀላል ነው፤ ምድጃ ሰው የሚያሞቀው በአየር ሳይሆን እንደ ፀሐይ በጨረር ነው፣ ጎኖቹ ቀጥ ካሉ ጨረሩ እርስ በርሳቸው ላይ ያርፋል፣ ከተዛነፉ ወደ ሰው ይመለሳል።

ጉሮሮው ላይ ነው አብዛኛው ሥራ የሚበላሸው። የተለመደው ስሕተት ይሄ ነው፤ ግንበኛው ሦስቱን ግድግዳ ያቆምና ከላይ ሶሌታ፣ ማለትም ጠፍጣፋ የአርማታ ዝርግ፣ ይጥልበታል፣ መካከሉን በስቶ ቱቦ ይተክላል። ጭሱ ሲወጣ ሶሌታውን መትቶ ይጠቀለላል፣ ግማሹ ቀዳዳውን ሲያገኝ ግማሹ ወደ ሳሎን ይመለሳል። ትክክለኛው አሠራር እንዲህ ነው፦ የጀርባው ግድግዳ 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ቀጥ ብሎ ከወጣ በኋላ ወደ ፊት ያዘነብላል። ከአፉ የላይኛ ጠርዝ 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ከፊት ወደ ኋላ የ10 ሴንቲ ሜትር ክፍተት ብቻ የቀረው፣ ወርዱ ግን የአፉን ያህል የሆነ ጉሮሮ ይፈጠራል። ከጉሮሮው በላይ ያለው የጭስ ክፍል ጎኖቹ እየተጠጋጉ ወደ ጭስ ማውጫው ይደርሳሉ፤ ከቱምቢው መስመር ከ45 ዲግሪ በላይ አይጋደሙ። ውስጡ ደረጃ ደረጃ ሆኖ መቅረት የለበትም፣ እጅ ሲዳብሰው የማይቧጭር ሆኖ ይለሰን። በኋላ እጅ አይደርስበትምና ባለቤቱ ሥራው ሳይዘጋ በባትሪ ገብቶ ቢያይ አይበዛም።

የጭስ ማውጫው ስፋት የከፍታ ጉዳይ አለበት። በሌላ አገር የሚታተሙት መመሪያዎች የአፉን ስፋት አንድ አሥረኛ ይሰጡታል። እኛ ከባሕር ወለል በላይ 2,600 ሜትር ገደማ ላይ ነን፣ አየሩ ከባሕር ዳርቻው በሩብ ያህል ይሳሳል። ጭስ የሚወጣው በውስጥ ያለው ሞቃት አየር በውጭ ካለው ስለሚቀልል ነው፤ አየሩ ራሱ ሲሳሳ የሁለቱ ልዩነትም በዚያው መጠን ያንሳል፣ መሳቡ ይደክማል። ስለዚህ አንድ ስምንተኛ እወስዳለሁ። ከላይ ላልነው አፍ 75 በ65 ማለት 4,875 ካሬ ሴንቲ ሜትር ነው፣ ለስምንት ሲካፈል 609። 25 በ25 የሆነ ንጹሕ ቀዳዳ 625 ይሆናል፣ ይበቃል። ቁመቱ ደግሞ ከምድጃው ወለል እስከ ጫፉ ከ5 ሜትር ባያንስ፤ ከቆርቆሮው ከሚወጣበት ቦታ 90 ሴንቲ ሜትር፣ በ3 ሜትር ዙሪያ ካለው ከማንኛውም ነገር 60 ሴንቲ ሜትር ከፍ ይበል። ነፋስ የሚመጣበት ወገን ላይ ትልቅ የባሕር ዛፍ አጥር ካለ ነፋሱ ከዛፉ ጫፍ ተወርውሮ ጭሱን ወደ ታች ስለሚገፋው ይሄም ልኬት ላይበቃ ይችላል። ምድጃው የሚቆምበትን ግድግዳ ስትመርጡ ይህን አስቡ። ጭስ ማውጫው በውጭ ግድግዳ ላይ ከሚለጠፍ በቤቱ ውስጥ አልፎ ቢወጣ ይሻላል፤ በብርድ የተከበበ ጭስ ማውጫ ሌሊቱን ይቀዘቅዝና ጠዋት ጭሱን አልቀበልም ይላል።

አሁን ሰው ወደሚቀመጥበት፣ እኔም በጣም ወደምወደው ክፍል ልግባ፤ ከእሳቱ ፊት ያለው ወለል። ፍንጣሪ ወደ ውጭ ይዘልላል፣ ፍም ይንከባለላል፣ ስለዚህ ከአፉ ፊት ለፊት ቢያንስ 50፣ ከግራና ከቀኝ 30 ሴንቲ ሜትር የማይቃጠል ወለል ያስፈልጋል። ለ75ቱ አፍ 135 በ50 ማለት ነው። ይህን ወለል ከሳሎኑ ወለል ጋር እኩል ማድረግ ይቻላል፤ ርካሽ ነው፣ ለመጥረግም ይመቻል። እኔ ግን ከፍ ባለው እወራረዳለሁ። የገጠሩን ቤት መደብ አስቡት፤ ከግድግዳው ጋር አብሮ የተሠራ፣ ቆዳ ወይም ሰሌን የሚነጠፍበት፣ እንግዳ የሚያርፍበት። ምድጃውን 40 ሴንቲ ሜትር ከፍ አድርጎ የፊቱን ወለል በሁለቱም ወገን በግድግዳው ርዝመት እንደ መደብ መቀጠል ይቻላል። ያኔ እሳቱ ጎንበስ ሳይሉ የሚማገድ፣ ሽማግሌም ልጅም ጎኑ የሚቀመጥበት ይሆናል። መደቡ ውስጡ ክፍት ቢሆን የፍልጥ ማስቀመጫ ይወጣዋል፤ ፍልጡ ግን ከአፉ ጠርዝ ቢያንስ አንድ ሜትር ይራቅ። አንድ ነገር ይታሰብበት፤ ከፍ ካለ ምድጃ የሚዘል ፍንጣሪ ርቆ ይወድቃል፣ ስለዚህ የፊቱን ወለል ከ50 ወደ 60 ማሳደግና ምንጣፉን ማራቅ ይገባል።

ከፍ ያለውን ወለል የሚሸከመው ሶሌታ 10 ሴንቲ ሜትር ውፍረት፣ በ10 ሚሊ ሜትር ፌሮ የታሰረ ይሁን። ሶሌታው ከደረቀ በኋላ ከሥሩ ካሳ ፎርማው፣ አርማታው የተሞላበት የጣውላ ቅርጽ፣ ሙሉ በሙሉ ይውጣ። «ማን ያየዋል» ተብሎ የተተወ ጣውላ ለዓመታት በሙቀት እየተጠበሰ ይቆይና አንድ ቀን ከታች ይያያዛል።

ስለ ድንጋይና ጡብ ብዙ አስተያየት አለ፣ አብዛኛውም ለዓይን የቆመ ነው። መለየት ያለበት አንድ ነገር ነው፦ እሳቱ የሚነካው ሌላ፣ እሳቱን የሚያየው ሌላ። ከአፉ ውስጥ ያለው ሁሉ ነበልባል ይነካዋል። ከፊቱ ያለው ወለልና ግድግዳ ሙቀት ያገኘዋል እንጂ ነበልባል አይደርስበትም። ለአንዱ የሚሆነው ለሌላው ላይሆን ይችላል።

ለውስጡ ፋየር ብሪክን፣ እሳት እንዲችል ተደርጎ የተሠራውን ጡብ፣ የሚያህል የለም። መደበኛው 23 በ11.4 በ6.4 ሴንቲ ሜትር ነው፣ አንዱ 3 ኪሎ ተኩል ገደማ ይመዝናል። ክብደቱን በእጃችሁ መዝኑት፤ እንደ ፎም ቅልል ያለ፣ በጥፍር የሚፋቅ ነጭ ጡብ ከሰጧችሁ እሱ ሙቀት ለመከላከል ከጀርባ የሚገባ ዓይነት ነው፣ ፍልጥ አንዴ ሲወረወርበት ይፈርሳል። በላይኛው ልኬት ለሠራነው ምድጃ ለጀርባውና ለሁለቱ ጎን 63፣ ለወለሉ 10 ያህል ይገባል፤ የሚሰበረውንና የሚቆረጠውን ጨምሮ 85 መግዛት ነው። መገጣጠሚያው ከ6 ሚሊ ሜትር አይብለጥ፤ እሳት የሚበላው ጡቡን ሳይሆን መገጣጠሚያውን ነውና።

ፋየር ብሪክ ካልተገኘ ወይም ከአቅም በላይ ከሆነ ድፍን የሸክላ ጡብ ይሠራል፣ ግን ተመርጦ። ሁለቱን አጋጩአቸው፤ እንደ ብረት ጥርት ብሎ የሚጮህ በደንብ የበሰለ ነው፣ ድፍን ድምፅ የሚሰጥ ጥሬ ነው። በምስማር ጫሩት፤ ጎልቶ የሚታይ ቦይ ከወጣ ተዉት። አንዱን መዝናችሁ ለአንድ ሌሊት ውኃ ውስጥ ንከሩና ጠዋት መልሳችሁ መዝኑት፤ 2 ኪሎ ተኩል የነበረ 3 ኪሎ ከገባ ከአምስት እጅ አንድ ውኃ ጠጥቷል፣ ለምድጃ አይሆንም። ብሎኬት ግን በምንም ዓይነት ወደ ውስጥ አይግባ። ግድግዳው ቀጭን ነው፣ የተሠራውም በሲሚንቶ ነው።

ሲሚንቶ እሳት የማይችልበትን ምክንያት ማወቁ ይጠቅማል። ሲሚንቶ ውኃ ጠጥቶ ሲደርቅ ውኃው ተኖ አይጠፋም፣ ከውስጡ ጋር ተዋሕዶ ድንጋይ ይሆናል። ሙቀቱ ከ400 ዲግሪ ሲያልፍ ይህ የተዋሐደ ውኃ ይለቅና ኖራ መሰል ዱቄት ይቀራል። ክረምት መጥቶ እርጥበት ሲያገኘው ያ ኖራ መልሶ ያብጣል፣ መገጣጠሚያውንም ይፈነቅለዋል። አሸዋው ውስጥ ያለው ኳርትዝ ደግሞ 573 ዲግሪ ላይ በድንገት ይስፋፋል። በሲሚንቶ የተያያዘ የእሳት ቤት በመጀመሪያው በጋ ደህና መስሎ በሁለተኛው ክረምት የሚረግፈው በዚህ ነው። እሳት የሚችለው ተዘጋጅቶ የሚሸጠው ማያያዣ ከተገኘ እሱን። ካልተገኘ አባቶቻችንና እናቶቻችን የሚያውቁት ጭቃ አለ፣ አሠራሩን ካወቁበት አያሳፍርም። ሸክላ ሠሪዎች የሚጠቀሙበትን ዓይነት የሸክላ አፈር በአንድ ሣጥን፣ የተነፋ ደቃቅ አሸዋ በሁለት ሣጥን። ከአሸዋው ግማሹን በተወቀጠ ገል ብትተኩት የበለጠ ነው። የተሰበረ ማሰሮና ጀበና ወቅጦ በወንፊት መንፋት ማለት ነው፤ ገል አንዴ እሳት የቀመሰ ስለሆነ ዳግም አይሰበሰብም፣ ጭቃው ሲደርቅ እንዳይሰነጠቅ ይይዘዋል። አዲስ አበባ ቀጨኔ ያሉ ሸክላ ሠሪ እናቶች ዘንድ የገል ክምር አይጠፋም። ጭድ ግን አትጨምሩ። ለግድግዳ ጭቃ የሚያጠነክረው ጭድ እዚህ ተቃጥሎ ባዶ ቦይ ትቶ ይሄዳል።

ከውስጠኛው ጡብና ከውጭው ግንብ መካከል ክፍተት ያስፈልጋል፣ ምክንያቱም የጋለው ጡብ ይሰፋል፣ የቀዘቀዘው ግንብ አይሰፋም። ሁለቱ ከተጣበቁ የሚሰነጠቀው የውጭው ነው፣ ያ እንግዳ የሚያየው ፊት። ቀላሉ ዘዴ ካርቶን ነው፤ ጡቡ ሲደረደር ጀርባውን በካርቶን እየሸፈኑ ግንቡን ማስጠጋት። በመጀመሪያዎቹ እሳቶች ካርቶኑ ከስሎ ያልቃል፣ የሚፈለገውን ቀጭን ክፍተት ትቶ። ቦታ ካለ ከዚያ አልፎ 5 ሴንቲ ሜትር ባዶ ተዉና በደረቅ ፑሚስ ሙሉት። ከሞጆና ከአዳማ አካባቢ የሚመጣው ለብሎኬት የሚውለው ያው ነው። በውስጡ ያለው አየር ሙቀት አያሳልፍም፣ ሙቀቱ ወደ ግድግዳው ከመሄድ ወደ ሰው ይመለሳል።

ለፊተኛው ወለል ምርጫችሁ ሰፊ ነው። የመጀመሪያ ምርጫዬ በአካባቢያችን የሞላው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ባዛልት የሚባለው። ኳርትዝ የለውም ማለት ይቻላል፣ ሙቀት ይይዛል፣ እሳቱ ከጠፋ በኋላ ለሰዓታት መደቡ ለብ ብሎ ይቆያል፣ ጥላሸትም አያሳፍረውም። ግን ጥቁር ድንጋይ ሁሉ አንድ አይደለም። ፊቱ ላይ እንደ እንጀራ ዓይን የበዛበት ከሆነ ዓይኖቹ ውስጥ ውኃ ይቀመጣል፣ ውኃው ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ድንጋዩን ልጦ ይወረውረዋል። ከወንዝ የተለቀመ ድንጋይ ለምድጃ የማይሆነውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ለዓመታት ውኃ የጠጣ ነው፣ በድንገት ሲግል እንደ ጥይት ይፈነዳል። ከመግዛታችሁ በፊት ከድንጋዩ አንድ ቁራጭ ውሰዱ። ላዩ ላይ የውኃ ጠብታ ጣሉና ጠብ ያለው ሳይሰርግ እንደ ዶቃ ቢቆይ መልካም። ቀጥሎ ከሰል ላይ አስቀምጡትና አንድ ሰዓት ይቆይ፣ ራቅ ብላችሁ። ሲቀዘቅዝ በመዶሻ ነካ አድርጉት፤ አሁንም ጥርት ብሎ ከጮኸ ያ ድንጋይ ይሆናል፣ ድምፁ ከታፈነ ውስጡ ተሰንጥቋል።

ውፍረቱ 4 ወይም 5 ሴንቲ ሜትር ይሁን። 135 ሴንቲ ሜትሩን በአንድ ወጥ ድንጋይ መሸፈን ዓይን ይማርካል፣ ግን ከእሳቱ ጋር ያለው ጠርዝ ሲግል ዳር ዳሩ ቀዝቃዛ ስለሆነ መካከሉ ላይ ይሰነጠቃል። ሦስት ቦታ ተከፍሎ በመካከሉ የ5 ሚሊ ሜትር ክፍተት ያለው ዕድሜ አለው። ከፋየር ብሪኩ ጋር በሚገናኝበት መስመርም ሲሚንቶ ሳይሆን ልቅ አሸዋ ሙሉበት።

ግራናይት ከፊት ወለል ላይ ይሆናል፣ ወደ ውስጥ ግን አታስገቡት፤ ከአሸዋው ጋር ያነሣነው ኳርትዝ በብዛት አለበት። የአምቦ ድንጋይም እንዲሁ፤ ቀለሙ ሞቅ ያለ ነው፣ ለፊት ግድግዳ ያምራል፣ ለነበልባል አይሆንም። እብነ በረድ፣ ከዳሌቲ የሚመጣውም ቢሆን፣ ከአፉ ራቅ ብሎ ለግድግዳው ጥሩ ነው። ወለል ላይ ሲሆን ግን ቡና ሲነካካው ይበላል፣ ጥላሸቱም ከነጩ ውስጥ ሰርጎ በሳሙና አይለቅም። ሴራሚክ ርካሹ ነው፣ የሚያነሣውም ከሥሩ ያለው ተራ ማጣበቂያ ነው፤ ሙቀት ሲያገኘው ይለቅቃል፣ ሴራሚኩ ሲረገጥ ባዶ ድምፅ መስጠት ይጀምራል። ከመረጣችሁት ቢያንስ ከአፉ ያለውን የመጀመሪያውን 20 ሴንቲ ሜትር በድንጋይ ወይም በጡብ ሸፍኑና ሴራሚኩ ከዚያ ይቀጥል። ቴራዞ፣ የድንጋይ ፍርፋሪ ያለበት ንጣፍ፣ በሲሚንቶ የተያዘ ነውና ከሴራሚኩ ጋር ይመደባል።

ከአፉ በላይ ያለውን ግንብ የሚሸከመው ብዙ ጊዜ አንጎላሬ፣ ማለትም ባለ ማዕዘን ብረት ነው፣ 75 በ75 ሚሊ ሜትር፣ ውፍረቱ 6 ሚሊ ሜትር፣ በየጫፉ 10 ሴንቲ ሜትር ግንቡ ላይ የተቀመጠ። ርዝመቱ 95 ሴንቲ ሜትር የሆነ ብረት 250 ዲግሪ ሲሞቅ ወደ 3 ሚሊ ሜትር ይረዝማል። ጫፎቹ በሲሚንቶ ከተቀረቀሩ ያ 3 ሚሊ ሜትር ግንቡን ይገፋል፤ ከአፉ ሁለት ማዕዘን ወደ ላይ ሰያፍ ሆኖ የሚወጣው ስንጥቅ የሱ ነው። ጫፎቹን በካርቶን ጠቅልሎ ማስቀመጥ ብቻ ያድናል። ቅስት የሚያውቅ ግንበኛ ካገኛችሁ ግን በጡብ ቅስት ያሠሩት፤ ብረት አይፈልግም፣ ሲሰፋም አብሮ ይሰፋል፣ መልኩም የትም አይገኝም። የእንጨት መደርደሪያ ከፈለጋችሁ ከአፉ በላይ 30 ሴንቲ ሜትር ይራቅ። ቴሌቪዥን ከምድጃ በላይ አይሰቀልም።

ጭስ ማውጫው ኮርኒሱንና ቆርቆሮውን የሚሻገርበት ቦታ የቤቱ ሁሉ አደገኛ ነጥብ ነው። ሞራሌም (የጣሪያው እንጨት) ሆነ ኮርኒስ ከግንቡ ቢያንስ 5 ሴንቲ ሜትር ይራቁ፣ ክፍተቱም በላሜራ እንጂ በእንጨት አይዘጋ። በቆርቆሮው ላይ ዙሪያውን የላሜራ ቀሚስ ይልበስ፤ የላይኛው ጠርዝ ጡቡ መካከል 2 ሴንቲ ሜትር ገብቶ ይያዝ፣ ግንቡ ላይ በማስቲሽ ብቻ የተለጠፈ አንድ ክረምት አይሻገርም። ጫፉ ላይ ቆብ ይደረግ፣ ከቀዳዳው 20 ሴንቲ ሜትር ከፍ ያለ። ዝቅ ካለ ዝናቡን ይከለክላል፣ ጭሱንም አብሮ ይከለክላል።

አሁን የሚሠሩ ቤቶች የአሉሚኒየም መስኮትና በራቸው ግጥም ያለ ስለሆነ እሳቱ የሚተነፍሰው አየር ያጣል። ከምድጃው አጠገብ ግድግዳውን በስቶ 10 ሴንቲ ሜትር ስፋት ያለው ቱቦ ወደ ውጭ መክፈት፣ አፉን በወንፊት መሸፈን ይበቃል። ኩሽና ውስጥ ጭስ መሳቢያ ማራገቢያ ካለ ሁለቱ አንድ ላይ አይሥሩ፤ ማራገቢያው ጠንካራ ስለሆነ የምድጃውን ጭስ ወደ ሳሎን ይጎትተዋል።

ማገዶው ከድንጋዩ እኩል ይታሰብበት። እዚህ የምናገኘው ነጭ ባሕር ዛፍ ነው። ትኩስ ሲቆረጥ ከክብደቱ ግማሽ ያህሉ ውኃ ነው፣ እሱን ማንደድ ውኃ ማፍላት ነው። በጥቅምት ተቆርጦ፣ ወዲያው ተፈልጦ፣ ከመሬት ከፍ ብሎ ነፋስ በሚያገኘው ቦታ ተደርድሮ ጎኑ ክፍት፣ ላዩ በቆርቆሮ የተሸፈነ ከሆነ በግንቦት ይደርሳል። ሳይፈለጥ በግንዱ የተቀመጠ ግን ዓመትም አይበቃውም፣ ልጡ ውኃውን ይዞት ይቆያል። የደረቀ ፍልጥ ጫፉ ላይ ስንጥቅ ያወጣል፣ ሁለቱ ሲጋጩ ቀጭን ድምፅ ይሰጣሉ። እርጥብ ማገዶ ጭሱ ቀዝቃዛ ስለሆነ ጭስ ማውጫው ውስጥ እንደ ሬንጅ ያለ ጥቁር ዝቃጭ ይጋገራል። 3 ሚሊ ሜትር ካለፈ ራሱ እሳት ሊይዝ ይችላል። በየግንቦቱ፣ ዝናብ ሳይገባ፣ ማስጠረግ ነው፤ ለዚህም ግንቡ ሲሠራ ከታች አንድ የብረት በር ያላት መጥረጊያ ቀዳዳ ተዉ።

ስለ ቡናው። ረከቦቱ መደቡ አጠገብ ሲቀመጥ የከሰል ማንደጃው ምድጃው ውስጥ፣ ከጉሮሮው ሥር ይቀመጥ፤ ይህም እሳቱ ነድዶ ጭስ ማውጫው ከሞቀ በኋላ ነው። የከሰል ጋዝ ሽታም መልክም የለውም፣ ራስ ምታትና ማቅለሽለሽ ሲመጣ ሰውነት ተመርዟል። በብርድ ሌሊት ማንደጃ አስገብቶ በር ዘግቶ መተኛት ስንት ቤት እንዳዘጋ እናውቃለን። በዚሁ ምክንያት የጉሮሮው መዝጊያ፣ ምድጃው በማይነድበት ጊዜ ጉሮሮውን የሚዘጋው ብረት፣ ፍም ካለ አይዘጋም፣ ቀይ ነገር አንድም ሳይታይ ካደረ በኋላ ነው የሚዘጋው። አመዱም በማዳበሪያ አይታፈስ። ሥሩ ያለው ረመጥ ከአንድ ቀን በላይ ሕያው ሆኖ ሊቆይ ይችላልና በክዳን ባለው ብረት ባልዲ ወጥቶ ሦስት ቀን ደጅ ይክረም።

ግንቡ ሲያልቅ 28 ቀን ጠብቁ። ከዚያም ወዲያው ትልቅ እሳት አይነድም። በግንቡ ውስጥ ገና ብዙ ውኃ አለ፣ ውኃ ወደ እንፋሎት ሲለወጥ ከ1,600 እጥፍ በላይ ይሰፋል፣ መውጫ ካጣ ይሰነጥቃል። የመጀመሪያው ቀን አንድ እፍኝ ጭራሮ፣ ለግማሽ ሰዓት። ሁለተኛው ቀን ትንሽ ጨመር ተደርጎ ለአንድ ሰዓት፣ እንዲህ እየተባለ በሰባተኛው ቀን ሦስት ፍልጥ። ጠዋት ጠዋት ጭሱ እንቢ ካለ የተጠቀለለ ጋዜጣ ለኩሳችሁ ከጉሮሮው ሥር ያዙለት፣ ጭስ ማውጫው ሲሞቅ መሳብ ይጀምራል። በሰባተኛው ቀን እሳቱ ሁለት ሰዓት ከነደደ በኋላ መዳፋችሁን የውጭው ግንብ ላይ፣ ከጀርባ ባለው ክፍል ግድግዳ ላይ፣ ኮርኒሱ አጠገብ ባለው ጡብ ላይ በየተራ አስቀምጡ። እጃችሁን ሳታነሱ እስከ አሥር መቁጠር ያልቻላችሁበት ቦታ ካለ እሳቱን አጥፉና ያንን ቦታ አስከፍታችሁ እዩ።